የሥዕል ቤቶች መብራት

በለንደን ከተማ ያለው የብሪታንያ ቤተ መዘክር በ1759 ዓመተ ምሕረት ለሕዝብ ተከፈተ፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ቤቱ እሳት ይነሣበታል ተብሎ ስለ ተፈራ ብዙ ዘመን ያለ መብራት ኖረ። ስለዚህም በብርድ ወራት ፀሐይ ፈጥና ስትጠልቅ፥ ጭጋግም ከተማውን ሲሸፍነው፥ ተመልካቹም አንባቢውም ወደየቤቱ ይመለስ ነበር።

ቀን በሥራ የሚውል ድኻ ግን ከማታ በቀር ሌላ ጊዜ የለውም። ይህን አስበው በዚያው ከተማ የሳውዝ ኬንሲንግተን ቤተ መዘክር ሹም ሄንሪ ኮል በ1857 ዓ.ም. ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ጋዝ በቧንቧ አስገብተው ቤቱ ማታ እንዲከፈት አደረጉ። መልካም ሥራ ነበር። ዳሩ ግን የጋዙ ነበልባል ሙቀትና እርጥበት ስለሚያወጣ ሥዕሎቹን ይጐዳል የሚሉ ተነሡ፤ ነገሩን እንዲመረምሩ ከታዘዙትም ሊቃውንት አንዱ ታላቁ ማይክል ፋራዴይ ነበሩ። በብሪታንያ ቤተ መዘክርም የኤሌክትሪክ መብራት በ1879 ዓ.ም. በንባብ አዳራሹ፥ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በማሳያ ክፍሎቹ በራ።

ኤሌክትሪክ ጢስ የለውምና ጉዳቱ የቀረ መሰለ። ነገር ግን ራስልና አብኒ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1888 ዓ.ም. በውሃ ቀለም የተሣሉትን ሥዕሎች መርምረው፥ ቀለሙን የሚያደበዝዘው ራሱ ብርሃኑ፥ ይልቁንም ሰማያዊውና ሐምራዊው ጨረር መሆኑን ገለጡ። ሥዕሉን የሚያሳየው እርሱው የሚያጠፋው ሆኖ ተገኘ! በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በመጋረጃ የሚሸፈነው ስለ ክብሩ ነው፤ መጋረጃው ግን ቀለሙንም ሲጠብቅ ኖሯል።

ሁለተኛው ጉዳት የገንዘብ ነው። በሽቦ የሚበራው አምፖል ከሚበላው ኃይል ከመቶ 5 እጅ ያህሉን ብቻ ብርሃን ያደርጋል፤ የቀረው ሙቀት ነው። ቤተ መዘክሩም ለመብራቱ ከፍሎ ሲያበቃ ሙቀቱን ለሚያስወጣው ማቀዝቀዣ እንደ ገና ይከፍላል።

በቫቲካን ያለው የሲስቲን ቤተ ጸሎት ጣሪያ ሁሉንም አይቷል። ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ዓ.ም. ሣሉት፤ የሻማውና የዕጣኑ ጢስ በብዙ መቶ ዓመታት አጠቈረው፤ ሥዕሎቹ ከ1980 እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ ተጠረጉ። በ2014 ዓ.ም. 7,000 የሚያህሉ ኤል ኢ ዲ የተባሉ ጥቃቅን መብራቶች ገቡበት፤ የሚበላውም ኃይል ከመቶ ከ60 እጅ በላይ ቀነሰ። ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ ያስገኙት ሦስት ሊቃውንት አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ በዚያው ዓመት የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ርካሽነቱ ሌላ ፈተና ነው። ጉዳቱ የሚቈጠረው በብርሃኑ ብዛትና በሰዓቱ ርዝመት ስለ ሆነ፥ ዋጋው ቀለለ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያበራ ሹም ገንዘቡን አትርፎ ሥዕሉን ይከስራል። ይህን ያስተዋሉ ቤተ መዘክሮች ሰው ሲገባ የሚደምቅ፥ ሲወጣ የሚደበዝዝ መብራት ተክለዋል። ማታ በሩ ሲዘጋም ሥዕሉ እንደ ጥንቱ በጨለማ ያድራል።