ሊብሬው ኮፈን ውስጥ ነው

አባቴ ላዳዋን ለመሸጥ የተስማማው ሐሙስ ማታ ነው። ገዢው ቅዳሜ ጠዋት ሰንዳፋ ድረስ መጥቶ ሊያያት ቀጠሮ ያዘ። ዓርብ ጠዋት «ሊብሬው የት ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ አባቴ ጋቢውን እያስተካከለ «ኮፈን ውስጥ ነው» አለኝ።

የኋላው ኮፈን ከተከፈተ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ነገሩን ላስረዳችሁ። አባቴ የአንድ ዓይኑ ሞራ ተገፏል፤ ሁለተኛው ተራውን እየጠበቀ ነው። መንዳት ካቆመ ጀምሮ ላዳዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ ዝናቡም ብርዱም በላይዋ ላይ ሄዷል። የሰንዳፋን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የበሮቹ የውስጥ ልብስ አብጦ፣ ተጣሞ፣ ከብረቱ ተላቆ ተንጠልጥሏል። የኋላ ኮፈኑ ቁልፍ ደግሞ ይገባል እንጂ አይዞርም። ገዢው በስልክ የነገረን ግልጽ ነበር፦ በሥነ ሥርዓት የምትዘጋ፣ የምትከፈት፣ ወረቀቷ የተሟላ መኪና ከሆነች ለሥራ ይገዛታል። ካልሆነች ለብትን ይወስዳታል፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። አባቴ «ብትን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አልጽፈውም። ቤተሰብ ያሳደገች መኪና ናት።

እናም ዓርብ ጠዋት ዋናው መንገድ ዳር ካለው ጋራዥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለምኜ ይዤ መጣሁ። ረዳቱ ወጣት ልጅ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ አማርኛ ስናገር ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ሥራው ሲጀመር ግን ቋንቋው ሌላ ሆነ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ላሜራ፣ ግራሶ። በኦሮምኛም ካቻቢቴ፣ በአማርኛም ካቻቢቴ።

እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚህን ቃላት አስቤባቸው አላውቅም ነበር። ካቻቢቴ በጣሊያንኛ ቃል በቃል «ብሎን አባራሪ» ማለት ነው። ፓራፋንጎ «ጭቃ ተከላካይ» ነው። ፍሬቻ «ቀስት» ነው፤ የድሮ መኪኖች መታጠፋቸውን የሚያሳዩት ከጎናቸው በሚወጣ እጅ መሰል ምልክት ስለነበረ ስሙ ያምርበታል። እኔን ጉድ የሠራኝ ሊብሬ ራሱ «ሊብሬቶ» ነው፣ ትንሽ መጽሐፍ። በየዓመቱ የምንጨነቅበት ቦሎም ጣሊያንኛ ነው። ኮፈን ደግሞ «ኮፋኖ»፣ ማለትም ሣጥን። ጣሊያኖች ኮፋኖ የሚሉት የፊቱን፣ የሞተሩን ክዳን ነው። እኛ ለኋላውም ሰጠነው። የኋላውን እነሱ ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱን ደግሞ ወስደን ፖርቶ መጋላ አልነውና ጣሪያው ላይ ሰቀልነው። ቃል ስንዋስ እንዳለ አንመልስም መቼም።

መኪና ራሱ ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው የመጣው። ቤዲ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር መኪና እየነዳና እያስጎተተ አዲስ አበባ ደርሶ ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። ያኔ ግን መኪና የቤተ መንግሥት ጉድ ነበር፤ የመንደር ሙያ አልሆነም። ሙያ የሆነው ከ1928 እስከ 1933 ባሉት የወረራ ዓመታት፣ ጣሊያን ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ መንገድ ሲቆርጥና የጭነት መኪና ሲያጎርፍ ነው። ከደጃችን የሚያልፈው የደብረ ብርሃን፣ የደሴ፣ የአስመራ መንገድ ከነዚያ አንዱ ነው። ጣርማ በርን በስቶ የሚያልፈው ዋሻ እስከ ዛሬ አገልግሎት ይሰጣል። ወራሪው ተባረረ፤ የጭነት መኪኖቹ ቀሩ። በመኪኖቹ ሥር ተጋድመው ሙያ የተማሩ ልጆችም ቀሩ። እነዚያ ልጆች ሌሎችን አስተማሩ፤ ያስተማሩት ግን በቃል፣ በእጅ፣ አልፎ አልፎም በኩርኩም እንጂ በመጽሐፍ አይደለም። በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ አንድ አስተርጓሚ ካቻቢቴን «ብሎን መፍቻ» ብሎ ይገላግለን ነበር።

ላዳ ግን የሩሲያ ናት አይደል? አዎ፣ የሩሲያ ናት። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ጋር ስንወዳጅ ነው አገር የሞላችው፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የአዲስ አበባ ታክሲ ስትሆን ከእሷ በፊት የነበረችውን ትንሿን ፊያት ሴይቼንቶ ተካች። የሚገርመው ግን እዚህ ላይ ነው። ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ሶቭየቶች በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ተዋውለው በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ተከሉ፤ ከተማዋ እንኳ ከውሉ በፊት በጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪ በቶሊያቲ የተሰየመች ነበረች። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። ላሜራው ወፈረ፣ የኋላው የዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ተተካ፣ ሞተሩ ተለወጠ፤ በጠቅላላው ከ800 በላይ ማሻሻያ ተደረገ ይባላል። የሩሲያን መንገድ እንድትችል የተደረገው ሁሉ ለእኛም መንገድ ሆነ። ስለዚህ ሽማግሌው መካኒክ የላዳን ፓራፋንጎ ፓራፋንጎ ሲል ሳያውቀው ትክክለኛ ስሟን ነው የሚጠራት። ይህን ስነግረው ብዙም አልደነቀው። «እና ካቻቢቴዋን አቀብለኝ» አለ።

ወደ ኮፈኑ እንመለስ።

እኔ ቁልፉን አጥብቄ ልጠመዝዝ ስል እጄን ያዘኝ። ቁልፍ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ሥራው ሦስት እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያ መክተቻው ውስጥ ላምባ በመርፌ ጠብ ጠብ አደረገና ሻይ ጠጣን። አቧራውና አሮጌው ግራሶ እስኪፈታ ነው። በኋላ ደግሞ የእርሳስ ፍም በምላጭ ፍቆ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ አሸው። ዘይት ለምን አላደረክም ስለው፣ ዘይት ለጊዜው ያዞርልሃል፣ ከዚያ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስብና ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ይሆናል አለኝ። የእርሳስ ዱቄት ግን ደረቅ ሆኖ ያንሸራትታል። እያወጣ፣ እያስገባ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፉ ዞረ።

ኮፈኑ ግን አልተከፈተም።

«ገብቶኛል» አለ ሽማግሌው። ቁልፉ ይዞራል፤ ከውስጥ ያለውን ምላስ የሚገፋው ነገር ግን ተላቋል። እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከውጭ በስቶ ወይም በብረት ፈልቅቆ መክፈት ነው፤ ይሄ ለሌባና ለቸኮለ ሰው ነው፣ ላሜራውን ያበላሻል። ሌላው ከውስጥ መግባት ነው። የኋላውን ወንበር መደገፊያ አወጡ። ከጀርባው ያለውን ገበር አነሡ። ቀጭኑ ረዳት ትከሻውን አስገብቶ፣ የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዞ፣ በረጅም ካቻቢቴ ምላሱን ይፈልግ ጀመር። በግራ ትርፍ ጎማ፣ በቀኝ የነዳጅ ታንክ፣ መሐል ላይ እሱ።

ልጁ እዚያ ውስጥ እያለ ነው ሽማግሌው ስለ ቮልስ ያወራኝ። እሱ ሙያ የጀመረው በቮልስ ነው። ቮልስዋገን ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት ነው፤ የሚከፈተውም ውስጥ ባለ ገመድ ነው። ገመዱ የተበጠሰበት ሰው ሞተሩ ፊት ቆሞ ኮፈን እንዲከፈትለት ሲለምን ያየ ይስቃል።

ቮልስ ስትነሣ ሁሉም የሚያስታውሳት አንዲት ቮልስ አለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱበት ወረቀት ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነበር። ቮልስ የኋላ በር የላትም። ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ይታጠፋል፣ ከዚያ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። የ82 ዓመት ንጉሥ፣ ሮልስ ሮይስ የለመዱ። ስለዚያ ቀን የተጻፈውን ሳነብ ሁሌ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አዋጁ ሳይሆን ያ የታጠፈ ወንበር ነው።

ሌላዋ ቮልስ ግን የእኛው መንገድ ናት። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካመጣ በኋላ በሽልማት ቮልስዋገን ተሰጠው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከሰንዳፋ አልፎ ሸኖ አካባቢ፣ መኪናዋ ተገለበጠች። አበበ እስኪነጋ ድረስ ውስጧ ተይዞ አደረ። ሰው ደርሶ ያወጣው ጠዋት ነው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ለወራት ታከመ፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። በባዶ እግሩ ሮምን ያስደነቀ ሰው። ከደጃችን ላይ ሆኜ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን መንገድ ሳይ፣ ልጅ ሆኜ ይህን ማንም ነግሮኝ እንደማያውቅ ገርሞኛል። ሽማግሌው ግን ያውቃል። «በር ነው» አለኝ። «መኪና ሲገለበጥ በሩ ከተጨማደደ አይከፈትም። ለዚህ ነው በር ላይ ቀልድ የማልወደው።» ስለ አበበ አደጋ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረው አይመስለኝም። ስለ በር ግን እርግጠኛ ነበር።

ያኔ ከኮፈኑ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ክዳኑ ተነሣ። ረዳቱ ከውስጥ ሆኖ በሁለት ቋንቋ ጮኸ።

ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የዛገ ኪያቤ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሊብሬ። ጫማው የእኔ ይሁን የእህቴ አልተስማማንም። መላቀቅ የጀመረውን ክፍል ቦታው መልሰው፣ ያረጀችዋን መያዣ ቀይረው፣ ምላሱን ግራሶ ቀቡት። የተከፈለበት ዕቃ የመያዣዋ ብቻ ነው፤ ሻይ የበለጠ ወጪ አስወጥቶናል።

በሮቹ ግን እስከ ማታ አቆዩን። የመስታወት ማውረጃው እጀታና የክንድ መደገፊያው ከተፈታ በኋላ ልብሱ እንደ ራሰ ብስኩት በእጃችን ላይ ተቆረሰ። ከሥሩ ያለው የተጨመቀ ካርቶን ነገር ነው፤ ውኃ ጠላቱ ነው። ውኃው ከየት መጣ? በመስታወቱ ጎን ዝናብ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የማይቀር ነው፤ የሠሩትም ያውቁታል። ለዚህ ነው ከበሩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት፣ በእነሱ እንዲወጣ። የእኛዎቹ በጭቃ ተደፍነዋል። በብረቱና በልብሱ መካከል መኖር የነበረበት ላስቲክም አንድ ጊዜ ሬዲዮ ሲገጠም ተቀዶ ተጥሏል። ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠረገ፣ ዝገቱን ፋቀ፣ ቀለም ነካ ነካ አደረገ። አሮጌውን ልብስ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ላይ አስተኝቶ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረ፤ የክሊፖቹን ቀዳዳ አንድ በአንድ አመለከተ። አንዲት ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ከሳተች ሁሉም ይጣመማል። ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ በላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ በማስቲሽ። ከኋላ አዲስ ላስቲክ። ክሊፕ ከየት እናምጣ ስል ረዳቱ ሶማሌ ተራ አለና ሁላችንም ሳቅን። መርካቶ ሶማሌ ተራ የራስህን መስታወት መልሰህ ትገዛለህ የሚለውን ቀልድ የማያውቅ ሾፌር የለም። ደግነቱ ሽማግሌው ጣሳ ሙሉ ክሊፕ አለው። ዕድሜ ልኩን ከሞቱ መኪኖች የለቀመው ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ለአንዲት ላዳ? የምትሉ ትኖራላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ላይ እስከ 500 በመቶ ድረስ ግብር ጣለ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፤ አሁን የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። ስለ አየሩ ካሰብን ክፉ አይደለም። ግን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በዚያው ቀን ሌላ ነገር ሆነ፤ የማይተካ ሆነ። የማይተካ ዕቃ ደግሞ ወይ ይጠገናል ወይ ለብትን ይሄዳል፤ አንዷ ላዳ ለሌሎች አሥር ላዳዎች በር፣ ሞላ፣ ክሊፕ ትሆናለች። የሽማግሌው ጣሳ የሞላው እንደዚያ ነው። ሁለቱንም ስላየሁ ብትንን ለመርገም ድፍረት አጣሁ። የአባቴን መኪና ግን አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ገዢው በሦስት ሰዓት መጣ። ወጣት ነው፣ ከለገጣፎ። ሞተሩን አስነሥቶ ሰማ፣ ሥሯ ተጋድሞ አየ፣ ሊብሬውን ገጽ በገጽ አነበበ። አራቱንም በሮች ከፍቶ ዘጋ። አዲሱን ልብስ በእጁ ዳሰሰና «ማን ሠራው?» አለ። ስልኩን ሰጠሁት። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጓ አድርጎ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው፣ ሊደግም ክንዱን ሲያነሣ አባቴ ከበረንዳው፣ ባንድ ዓይኑ እያየ፣ «ልጄ» አለው፣ «በመዳፍህ ጫን አድርጋት፣ ትዘጋለች።»

ጫን አደረጋት። ተዘጋች። ገንዘቡን ይቆጥር ጀመር።