የተጠየቀ መልእክት

በ2000 ዓ.ም. የደመራ ዕለት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 2007 መሆኑ ነው፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። ቬራይዘን ዋየርለስ የተባለው የአሜሪካ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኩባንያ፣ ናራል ፕሮ ቾይስ አሜሪካ ለሚባል የፅንስ ማቋረጥ መብት ተሟጋች ድርጅት የአጭር መልእክት አገልግሎት አልሰጥም ማለቱን የሚናገር ዜና ነበር። ቀኑ ሳይመሽ ኩባንያው ውሳኔውን ሻረ። በአንድ ቀን ውስጥ ተከፍቶ በአንድ ቀን ውስጥ የተዘጋ ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን ስለ ዘመናችን ቃል፣ ቃሉንም ስለሚያደርሰው እጅ ባሰብሁ ቁጥር ወደዚያች ዕለት እመለሳለሁ። የተሻረው ውሳኔው ብቻ ነበርና፤ ለመወሰን የሚያስችለው ሥልጣን ግን ባለበት ቀረ።

ነገሩን ለመረዳት ስለ አጭር ቁጥር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የእኛ ሰው ለሕዳሴው ግድብ ወደ 8100 መልእክት ሲልክ አሠራሩን አውቆታል። በአሜሪካ እነዚህ ቁጥሮች ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት አሃዝ ናቸው። አንድ ድርጅት ቁጥሩን ይከራያል፤ ከዚያም በየስልክ ኩባንያው ደጅ እየዞረ በእያንዳንዱ መረብ ላይ እንዲሠራለት ፈቃድ ይጠይቃል። ተቀባዩ ደግሞ ራሱ ስልኩን አንሥቶ አንዲት ቃል ጽፎ ወደ ቁጥሩ ይልካል፤ ድርጅቱም መልእክት የሚልክለት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የሰለቸው ዕለት «አቁም» ብሎ ጽፎ ይሰናበታል። እንግዲህ ይህ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት በር ከፍቶ፣ ስም ጠርቶ፣ ግባ ያለው ነው።

ናራልም የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ሌሎቹ ታላላቅ ኩባንያዎች እሺ ሲሉ ቬራይዘን እምቢ አለ። የሰጠው ምክንያት ቃል በቃል ሊነበብ የሚገባው ዓይነት ነው፤ እኔ አሳቡን ብቻ ላስቀምጠው። አንድን አጀንዳ ለማራመድ ከሚሻ ድርጅት፣ ወይም በኩባንያው አስተያየት ከደንበኞቹ ለማናቸውም አወዛጋቢ ወይም ደስ የማያሰኝ ሊመስል የሚችል ይዘት ከሚያሰራጭ ድርጅት ፕሮግራም አንቀበልም የሚል ነበር። ከዚህም ጋር፣ የፖለቲከኞችን የምርጫ ዘመቻ እንደሚቀበል፣ እንደ ፅንስ ማቋረጥና እንደ ጦርነት ያሉ ጉዳዮችን ይዞ የሚመጣውን ግን እንደማይቀበል ከኩባንያው ተነግሮ ነበር። ሰው ይፈቀዳል፤ ሰውየው የቆመለት አሳብ ግን አይፈቀድም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የታየኝ፣ ባለ ቅኔው ይግባ፣ ቅኔው ግን ከደጅ ይቅር የሚል አጋፋሪ ነው።

«ከደንበኞቹ ለማናቸውም» የሚለውንም ቆም ብዬ አየዋለሁ። ቬራይዘን በዚያን ጊዜ ከ60 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። መልእክቱ የሚደርሰው ራሱ ለጠየቀው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው አያየውም፣ አይሰማውም። ታዲያ ደስ የማይለው ማን ነው? ምናልባት የጠያቂው ጎረቤት ይሆናል፤ ጎረቤቱ ግን መልእክቱ መኖሩን እንኳ አያውቅም። እዚህ ላይ ኩባንያው ሊጠብቀው የተነሣው ሰው ገና ያልተወለደ ቅሬታ ያለው፣ ስምም ፊትም የሌለው ሰው ነው።

ድርጅቱ ከሚልካቸው መልእክቶች አንዱ ምን ይላል ቢባል፣ የአሜሪካ መንግሥት በውጭ አገር ባሉ የጤና ድርጅቶች ላይ የጣለውን፣ ተቺዎቹ «የአፍ ማፈኛ ደንብ» የሚሉትን ገደብ እንዲያነሣ ለምክር ቤት አባላት ስልክ ደውሉ የሚል ነበር። ስለ አፍ ማፈኛ የተጻፈ መልእክት መንገድ ላይ አፉን ሲታፈን ማየት፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው የተጋነነ የምንለው ነገር ነበር።

ኩባንያው ውሳኔውን በሻረበት መግለጫ፣ የተፈጸመው አቧራ የጠጣን አንድ የውስጥ መመሪያ በተሳሳተ መንገድ መተርጎም መሆኑን ተናገረ። መመሪያው የተጻፈው ስም የለሽ የጥላቻ መልእክትንና ለልጆች የሚላክ ነውረኛ ጽሑፍን ለመከላከል ነበር አለ። አምናለሁ፤ እንዲያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አቧራ የጠጣ መመሪያ ከመሳቢያ ወጥቶ የአንድን ማኅበር ድምፅ ሊዘጋ ከቻለ፣ ጥያቄው ስለ አቧራው ሳይሆን መሳቢያው በማን እጅ እንዳለ ነው።

ስለ መልእክተኛ ሳስብ፣ በአገራችን ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ተሰክቶ የሚጓዝበት ዘመን ትዝ ይለኛል። የጥንት ተጓዦች ያዩትን ጽፈውልናል። ያ ሯጭ ብዙ ጊዜ ፊደል የቆጠረ አልነበረም፤ ቢቆጥርም እንኳ የያዘውን ከፍቶ፣ ይህ ይደርሳል፣ ይህ አይደርስም የማለት ሥልጣን አልነበረውም። መልእክተኛነት ማለት ይህ ነበር።

አሜሪካኖች ይህን ነገር የተማሩት በቴሌግራፍ ነው። ዛሬ ከዘመድ የተላከ ገንዘብ የምንቀበልበት ዌስተርን ዩኒየን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ የቴሌግራፍ ጌታ ነበር። ከአሶሺዬትድ ፕሬስ የዜና ማኅበር ጋር በጥብቅ ተሳስሮ ስለነበር፣ ሽቦውም ዜናውም በአንድ እጅ ውስጥ ገብተው ነበር ማለት ይቻላል። በ1876 ራዘርፎርድ ሄስና ሳሙኤል ቲልደን ለፕሬዝዳንትነት ሲፎካከሩ ውጤቱ አወዛጋቢ ሆኖ ለወራት ተጓተተ፤ ዴሞክራቶቹም ሽቦውን የያዙት ሰዎች ለሄስ አድልተዋል፣ የእኛንም ምስጢር አሾልከዋል ብለው ከሰሱ። በ1878 የቲልደን ሰዎች በምስጢር ቁጥርና ቃል የተጻጻፏቸው ቴሌግራሞች ተፈትተው በኒው ዮርክ ትሪቡን ጋዜጣ ታተሙ። ክሱ ምን ያህል እውነት እንደነበረ የታሪክ ሰዎች ይነጋገሩበት፤ ሽቦውን የያዘ ሰው አገር ሊይዝ ይችላል የሚለው ፍርሃት ግን ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

በ1910 የወጣ ሕግ የቴሌግራፍና የስልክ ኩባንያዎችን እንደ ባቡር ኩባንያዎች ሁሉ ለማንም ያለ አድልዎ የሚያገለግሉ አጓጓዦች አድርጎ ደነገጋቸው። የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግም ይህንኑ አጸና፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽንንም አቋቋመ። ከዚህ በኋላ የስልክ ኩባንያ የሁለት ሰዎችን ወግ አዳምጦ፣ ርእሱ አወዛጋቢ ነው ብሎ መስመር መቁረጥ አይችልም። ጨዋታቸው ስለ ፅንስ ማቋረጥ ይሁን ስለ በግ ዋጋ ለሽቦው አንድ ነው።

አጭሩ መልእክት ግን የተወለደው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው በዲሴምበር 1992 በእንግሊዝ አገር የተላከ የገና ሰላምታ ነበር። በዚያው በስልክ፣ በዚያው ኩባንያ፣ ለዚያው ሰው እየተላከ፣ በሕጉ ፊት ስልክ ይሁን ሌላ ነገር አልተወሰነም ነበር። ቬራይዘን የቆመው በዚህ ስንጥቅ ላይ ነው። ያው ሰው ለናራል ደውሎ ያንኑ ቃል በጆሮው ቢሰማ ኩባንያው ዝም የማለት ግዴታ ነበረበት፤ ያው ቃል በጽሑፍ ሲሆን ግን ይመለከተኛል አለ።

ያ ዓመት ለእንዲህ ያለው ነገር ምቹ ሳይሆን አልቀረም። ከዚህ ዜና ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ በኦገስት 2007፣ ፐርል ጃም የተባለው የሙዚቃ ቡድን ቺካጎ ላይ ሲዘፍን ኤቲ ኤንድ ቲ ትርኢቱን በኢንተርኔት ሲያስተላልፍ፣ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽን የሚነኩ ስንኞች ከድምፁ ተቆርጠው ቀሩ። ኩባንያው ስሕተቱ የተቀጠረው ተቋራጭ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ስንኝ ለሚወድድ አንባቢ ይህኛው የበለጠ ሳይቆረቁረው አይቀርም።

ስለ ፅንስ ማቋረጥ እኔ ምን እንደማስብ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም፤ የማይጠቅመውም ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ከዚያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በኦክቶበር 2007 የናራል መሪና የክርስቲያን ኮአሊሽን መሪ፣ በፅንስ ጉዳይ ፊት ለፊት የሚቆሙ ሁለት ሴቶች፣ በዋሽንግተን ፖስት ላይ በጋራ ጻፉ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬ በአንዷ ላይ የተዘጋው በር ነገ በሌላዋ ላይ ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ወደ ደመራው ሰሞን ልመለስ፤ በዚያው ወር በእኛም አገር የአጭር መልእክት ታሪክ ነበርና። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ ጊዜ ቅንጅት ደጋፊዎቹን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይቀሰቅስ ነበር፤ መልእክቱም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ከምርጫው በኋላ በሰኔ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደም ፈስሶ ከተማው በጭንቀት ላይ ሳለ አገልግሎቱ ተዘጋ። በዚያ ዘመን ስልክ በአንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን እጅ ብቻ ስለነበር ሌላ ደጅ አልነበረም። የተዘጋውም ከሁለት ዓመት በላይ ነው፤ የተከፈተው በአዲሱ ሚሌኒየም መባቻ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2007 ነው። ቬራይዘን በሩን ዘግቶ በከፈተበት በዚያው ወር መሆኑ ነው።

ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም። እዚህ የተዘጋው የሁሉም ቃል ነው፤ እናት ለልጇ «ደርሻለሁ» የምትለው፣ ፍቅረኛ ለፍቅረኛው የሚልከው፣ የለቅሶ መርዶ ጭምር። እዚያ የተዘጋው የአንድ ማኅበር ቃል ነው፤ የተከፈተውም ጋዜጣ ስለ ጻፈ በአንድ ቀን ነው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ዘመዳሞች ይመስሉኛል። በሁለቱም ስፍራ መልእክቱን የሚያደርሰው፣ ተቀባዩ ምን ቢያነብብ እንደሚሻል ከተቀባዩ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ብሏል።

መቼም በግእዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው መልእክቱ ድሮውንም አጭር ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት የሚይዘው አንድ መልእክት፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ፣ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ብዙዎቻችን አማርኛችንን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመድነው በዚያ ዘመን ነው፤ አብዛኛው ስልክም ግእዙን አያውቀውም ነበር።

በአሜሪካ የተጠየቀው መልእክት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት አንድ ዓመት አልፈጀም። በኦገስት 2008 ባራክ ኦባማ ምክትላቸው ጆ ባይደን መሆናቸውን ለደጋፊዎቻቸው በአጭር ቁጥር ላኩ፤ ቁጥሩ 62262 ሲሆን በስልክ ቁልፎች ላይ የስማቸው ፊደላት ናቸው። ዜናው አስቀድሞ ስላመለጠ መልእክቱ የወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ኒልሰን የተባለው የጥናት ድርጅት 2.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደደረሳቸው ገምቷል። ይህ በቬራይዘን አቋም የተፈቀደው ዓይነት፣ የፖለቲከኛ መልእክት ነበር።

የሕጉ ነገር ግን ዘገየ። በዲሴምበር 2007 ፐብሊክ ኖውሌጅና ሌሎች ማኅበራት ለኮሚሽኑ አቤቱታ አቀረቡ፤ አጭር መልእክትና አጭር ቁጥር እንደ ስልክ ይቆጠሩ፣ ያለ አድልዎ ይጓዙ የሚል ነበር። ዓመታት አለፉ። በ2010 ቲ ሞባይል የሕክምና ካናቢስ ነገር ስለ ነበረበት የኢዚ ቴክስቲንግን አጭር ቁጥር ዘጋ ተብሎ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ነገሩ ፍርድ ሳያገኝ በስምምነት ተቋጨ።

ኮሚሽኑ መልስ የሰጠው በዲሴምበር 2018፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጭር መልእክት የስልክ ዓይነት አገልግሎት ሳይሆን የመረጃ አገልግሎት ነው ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ሰውን ያሰለቹትን ያልተጠየቁ የጅምላ መልእክቶች ኩባንያዎቹ እንዲያግዱ እጃቸው ነፃ ይሁን የሚል ነው። ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም፤ የማጭበርበሪያ መልእክት የደረሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብቻቸውን የተቃወሙት ኮሚሽነር ጄሲካ ሮዘንዎርሰል ግን፣ ይህ ውሳኔ ኩባንያዎቹ የምንልከውን እንዲያግዱና እንዲመረምሩ ሥልጣን ይሰጣል አሉ። እኔን ያሳዘነኝ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በውሳኔው ውስጥ መሟሟቱ ነው። ሰው ያልጠየቀውን መልእክት ማገድና ሰው የጠየቀውን መልእክት ማገድ በአንድ ፈቃድ ሥር ገቡ።

ናራል በ2023 ስሙን ለውጧል። ቬራይዘን ያን አቧራማ መመሪያ ከሻረው በኋላ፣ እንዲህ ያለ መመሪያ ዳግመኛ እንዳይጻፍ የሚከለክለውን ደንብ ሊያወጣ ይችል የነበረው ኮሚሽን ግን ጉዳዩን ለኩባንያዎቹ መልካም ፈቃድ ትቶታል።