የአኒሜ አፍቃሪዎች ቃላት የማን ናቸው?

የጃፓንን ሥዕላዊ ታሪኮችና የአኒሜሽን ፊልሞች የሚከታተሉ ሰዎች በየትኛውም አገር ቢሆኑ ማንጋ፣ አኒሜ፣ ኦታኩ፣ ኮስፕሌይ፣ ሾነን የሚሉትን ቃላት ሳይተረጉሙ ይጠቀሙባቸዋል። ቃላቱ በተነሱ ቁጥርም አንድ ክስ ይከተላል፤ የውጭ አገር አፍቃሪዎች የጃፓኑን ቃል ከትክክለኛ ፍቺው አውጥተው አበላሹት የሚል። የቃላቱን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ለሚመረምር ሰው ግን ክሱ እምብዛም አያስኬድም። ቃላቱ እዚያው ጃፓን ውስጥ ሳሉ ከሠዓሊ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ አንባቢ ሲተላለፉ፣ በየእጁም ፍቺያቸው ሲለዋወጥ ኖሯል። ከእነዚህ ፍቺዎች አንዱን ብቻ ነጥሎ ትክክለኛው ይህ ነው ለማለት በቂ ምክንያት አላገኘሁም።

ከማንጋ እንጀምር። ሠዓሊው ካትሱሺካ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1814 የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣለት «ሆኩሳይ ማንጋ» ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ አልነበረም፤ የሰዎች፣ የእንስሳት፣ የተራሮችና የዕለት ተዕለት ሥራዎች ንድፍ ስብስብ ነበር። ቃሉን ዛሬ ወደሚታወቅበት ፍቺ ያቀረበው ኪታዛዋ ራኩተን ሲሆን፣ እሱም ሙያውን ያዳበረው በዮኮሃማ ወደብ በእንግሊዝኛ በሚታተም መጽሔት ውስጥ ከአውስትራሊያዊው ሠዓሊ ፍራንክ ናንኪቬል ጋር ሲሠራ ነው። በ1902 «ጂጂ ማንጋ» የተሰኘውን የጋዜጣ የእሑድ ዕትም ጀመረ። በ1905 የመሠረተውን መጽሔት ደግሞ «ፓክ» በተባለው የአሜሪካ የቀልድ መጽሔት ስም «ቶኪዮ ፓክ» አለው። አኒሜም ቢሆን «አኒሜሽን» የሚለው የውጭ ቃል አጥሮ የተገኘ ነው። የኦሳሙ ቴዙካ «ቴትሱዋን አቶሙ» በ1963 በፉጂ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር እንዲህ ያለውን ዝግጅት ሕዝቡ የቴሌቪዥን ማንጋ ይለው ነበር፤ አኒሜ የሚለው አጠራር የገነነው በ1970ዎቹ ውስጥ ነው፤ በ1978 «አኒሜጅ» መጽሔት ሲወጣም ስሙን ከዚሁ ቃል ወሰደ። ዛሬ በጃፓን የዲዝኒ ፊልምም አኒሜ ነው። ከጃፓን ውጪ ያለው ተመልካች ግን ቃሉን ለጃፓን ሥራ ብቻ ለይቶታል። ይህን ማጥበብ ስሕተት ካልነው፣ ጃፓኖች መጀመሪያ «አኒሜሽን»ን ቆርጠው ማሳጠራቸውንም ስሕተት ልንል ነው።

ዶጂንሺም በአገሩ ውስጥ ፍቺው ተለውጧል። በሜይጂ ዘመን የሥነ ጽሑፍ ማኅበርተኞች ገንዘብ አዋጥተው የሚያሳትሙት መጽሔት ስም ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን 1975 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) እንዲህ ያሉ በራስ ገንዘብ የታተሙ መጽሔቶች የሚሸጡበት የመጀመሪያው የኮሚክ ገበያ በቶኪዮ ሲከፈት የተገኙት ቡድኖች 32፣ ጎብኚዎቹም 700 ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም የልጃገረዶች ማንጋ የሚወዱ ተማሪዎች ነበሩ። ገበያው ባለፉት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የሚጎርፍበት ሆነ፤ ዶጂንሺ ሲባልም ከገጣሚና ከደራሲ ይልቅ የማንጋ አፍቃሪ ነው የሚታሰበው። ኮስፕሌይ፣ ማለትም እንደ ገጸ ባሕርያት ለብሶ መታየት፣ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኖቡዩኪ ታካሃሺ «ማይ አኒሜ» በተባለው መጽሔት ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላትን ቆርጦ በማጋጠም ያስተዋወቀው ስም ነው።

ክሱ ከሁሉም በላይ የሚጠነክረው ኦታኩ ላይ ስለሆነ እዚህ ጋ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በቁሙ «ቤትዎ» ማለት ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት በአክብሮት ለመጥራትም ያገለግላል። አንቱታ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ እኩዮች የሆኑ ጎረምሶች ተገናኝተው እርስ በርስ «እርስዎ» ሲባባሉ ማለት ነው። ጸሐፊው አኪዮ ናካሞሪ በ1983 «ማንጋ ቡሪኮ» ላይ በጻፈው ዓምድ ይህን አጠራር ይዞ በኮሚክ ገበያ ያያቸውን ወጣቶች ተሳለቀባቸው፤ የአክብሮት ቃል የስድብ ስም ሆነ። በ1989 አራት ሕፃናት ልጃገረዶችን የገደለ ሰው ሲያዝ ጋዜጦችና ቴሌቪዥን በቪዲዮ ካሴት የተሞላ ክፍሉን ደጋግመው አሳዩ፣ ኦታኩም አሉት፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ምንም ያላጠፉ ብዙ ወጣቶችን አሸማቀቀ። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ በ1994 የተጀመረ የአፍቃሪዎች ጉባኤ ራሱን «ኦታኮን» ብሎ ሲጠራ፣ የሌላውን ቁስል ጌጥ ማድረግ አይሆንም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል።

ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ቁስሉም እውነት ነው። ሆኖም ስሙን በኩራት ለመሸከም የደፈሩት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የጋይናክስ ስቱዲዮ በ1991 «ኦታኩ ኖ ቪዲዮ»ን ሠርቷል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቶሺዮ ኦካዳ ደግሞ ኦታኩነትን እንደ ጥናት ዘርፍ ይዞ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር አስተምሯል፣ በ1996ም መጽሐፍ አሳትሞበታል። ስለዚህ ስሙን መልሶ ማክበር የተጀመረው ስሙ ሲያሸማቅቃቸው በነበሩት ሰዎች መካከልም ነው። የውጭ አገር አፍቃሪ የሚጠበቅበት ቃሉን መተው ሳይሆን፣ አንድን ጃፓናዊ በዚህ ስም ከመጥራቱ በፊት ከስሙ ጀርባ ያለውን ማወቅ ይመስለኛል።

በሾነንና በሾጆ ጉዳይ ግን ከከሳሾቹ ጋር እቆማለሁ። ብዙ የውጭ አፍቃሪዎች ሾነንን የፍልሚያ ታሪክ፣ ሾጆን የፍቅር ታሪክ ዓይነት አድርገው ይይዟቸዋል። በአሳታሚዎች ዘንድ ግን ቃላቱ መጽሔቱ ለወንዶች ልጆች ወይስ ለልጃገረዶች እንደሚሸጥ የሚያመለክቱ ናቸው። ሳምንታዊዎቹ «ሾነን ማጋዚን» እና «ሾነን ሰንዴይ» በአንድ ቀን፣ መጋቢት 17 ቀን 1959፣ ገበያ ሲገቡ የተሻሙት የወንድ ልጆችን የኪስ ገንዘብ ነበር። እነሱን ተከትሎ የመጣው «ሾነን ጃምፕ» በ1990ዎቹ አጋማሽ 6.53 ሚሊዮን ቅጂ እስከ ማሳተም ደረሰ። ቃላት ይለወጣሉ ብዬ እስካሁን ስከራከር ቆይቼ እዚህ ለምን እንደምቃወም የሚጠይቅ ይኖራል። ሌሎቹ ቃላት ሲለወጡ አዲስ ነገር ተጨመረባቸው። ይህኛው ሲለወጥ ግን ሠሪውና ገበያው ከእይታ ይሰወራሉ፤ ሾነን የታሪኩ ባሕርይ ነው ያለ አንባቢ ሥራው ከወንድ ለወንድ የተጻፈ አድርጎ ለማሰብ ይቀርበዋል። በ«ሾነን ሰንዴይ» ገጾች ላይ ለአሥርት ዓመታት የነገሠችው ግን ሩሚኮ ታካሃሺ ናት። ከ2001 እስከ 2010 በ«ሾነን ጋንጋን» የወጣውን «ፉልሜታል አልኬሚስት» የሠራችውም ሴት ናት፤ የሆካይዶ የወተት ላም አርቢዎች ልጅ የሆነችው ሂሮሚ አራካዋ፣ በሥራዋ ላይ የሰፈረው ግን ሂሮሙ የሚል የወንድ ስም ነው።