ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?

ሻያችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። ጠበቆች ነን ብላችሁኛል። እንግዲያው የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448ን ነገር ከውሳኔዎቹ ቅጽ 4 ሳይሆን ከአጥፊው አፍ ስሙት። እዚያ የፈረሰውን ዓይነት ውል ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም ነው። ከራጉኤል ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ጨርቅ ቤት ደጅ ላይ፣ አንዲት ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ነበሩኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የዕቁብ ስም ዝርዝር እገለብጣለሁ፤ እንጀራዬ ግን ውል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች ተያይዘው መጡ። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ሁለተኛው ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ሐጂ ከአመዴ ገበያ ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤታቸውን በ85 ሺህ ብር ሸጡለት።

ብሩ በፌስታል ነው የመጣው። የጨርቅ ቤቱ ልጅ መዝጊያውን ገርበብ አደረገልንና ባንኮኒው ላይ ቆጠርነው። ሐጂ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። መሃል ላይ በፕላስተር የተያያዘ አንድ ባለመቶ ወጣ፤ እሱን መለሱና ሌላ ተቀበሉ። ከዚያ በተሰመረ ወረቀት መሃል ካርቦን አስገብቼ ጻፍኩ። «በዚህ ሽያጭ ላይ ተቃዋሚ ቢመጣ እኔ ሻጭ ተከራክሬ መልስ እሰጣለሁ» አልኩ። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዴ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ሦስት እማኞች ፈረሙ። ሐጂ በሰማያዊ ቀለም አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

እነዚያን ቁጥሮች ማን አስተማረህ ብትሉኝ፣ ከእኔ በፊት እዚያው ደጅ ይጽፍ ከነበረ ሰው ነው የገለበጥኳቸው። ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። የሚያስፈልገው ቁጥር 1723 ከመካከላቸው እንደሌለም አላውቅም ነበር።

ውልና ማስረጃ ለምን አልሄዱም? ካርታው ገና በሐጂ ሟች አባት ስም ነው፤ ስም ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል። የቴምብር ቀረጡ ከመቶ ሁለት ነበር። ክሊራንስ አለ፣ ወረፋ አለ። ደግሞስ ሐጂ ይክዱኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ገዢው በነገሩ ሳቀ። እኔም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁት። የመርካቶ ግማሽ ቤት በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ሜዳ እንግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም ታወጀ። ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነው። ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ሁለት ቦታ ላይ ይናገራል። በ2877 ሽያጩ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም ይላል። በ1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል ጽሑፍ ብቻ አይበቃውም፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት ይሁን ይላል። የትኛው ይገዛል? ጠበቆች በዚህ ሲናከሱ ኖሩ። አንዱ «ልዩው ድንጋጌ ጠቅላላውን ይሽራል፣ 2877 ይበቃል» ይላል፤ ሌላው «ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም» ይላል። ዳኛውም እንደ ችሎቱ ነው፤ እዚህ የጸና ውል እዚያ ይፈርሳል።

በ1999 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁርጡን ተናገረ። የቤት ሽያጭ ውል በ1723 መሠረት ካልተደረገ አይጸናም አለ። አዋጅ 454/1997 ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ አምስት ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም ከፌዴራል እስከ ክልል፣ በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። እንግዲህ በአንድ መዝገብ የተባለው ነገር የእኔን የስንት ዓመት ካርቦን ወረቀት ሁሉ ነካው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዳኞቹ ፊደሉን አልሳቱም። ችግሩ ሌላ ነው። ሕጉ ሲጻፍ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በየቦታው ተቋቁሞ ሰው ገብቶ የሚያይ መስሎት ነው። መዝገቡ ግን በወጉ ሳይቋቋም ቀረ፤ ሕዝቡም በጎረቤት ምስክርነት ተዳደረ። በዚያ ላይ ነው 21448 የወረደው።

ሐጂ በ1998 ዐረፉ። በ2000 የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ልጆቻቸው ልደታ ምድብ ችሎት ሄደው ውሉ ይፍረስልን አሉ። ገዢው እኔንና ሦስቱን እማኞች ምስክር ቆጠረን። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። ገንዘቡ ሲቆጠር እኔ ነበርኩ፣ የተቀደደውን ብር ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ ያን ሁሉ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ዳኛው መዝገቡን አገላብጠው ቀና አሉና «ክርክሩ የሕግ ነው፣ ምስክር መስማት አያስፈልግም» አሉ። አራታችንም ተመለስን። ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያምነኝ የኖረው በዚያ ምስክርነት ነበር።

የቀረውን እናንተው ትጨርሱታላችሁ። ውሉ ፈራሽ ነው፣ ተከራካሪዎች ወደ ነበሩበት ይመለሱ ተባለ። በ60 ቀን ይግባኝ ገባ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መልስ ሰጪን ሳይጠራ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 ሰረዘው። በ90 ቀን ሰበር ገባ፤ ሦስት ዳኞች አይተው «አያስቀርብም» አሉ። ቤቱ ለልጆቹ፣ 85 ሺህ ብሩ ለእሱ። በዚያ ብር፣ ወለሉን ሊሾ ያደረገውንና ቆርቆሮውን የቀየረውን ያን ቤት የሚያህል ነገር አልገዛም። ሱቁን ዘግቶ ወደ ሀገሩ ገባ። እኔን አልረገመኝም፤ ቢረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ጠረጴዛዬን ግን አልሸጥኩም። «ቤት ለመሸጥ ከሆነ ውልና ማስረጃ ሂዱ» ብዬ መመለስ ጀመርኩ። የ21448ን ተከራካሪዎች ስም መርካቶ አያውቅም፤ ቁጥሩን ግን ደላላው ሁሉ ያውቃል። «ሃያ አንድ አራት አርባ ስምንት እንዳያገኝህ» ይባል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰበር ነገሩን አላላው። ሽያጩ መኖሩ ካልተካደ፣ ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት አለመደረጉ ብቻውን አያፈርሰውም ወደሚል አዘነበለ። ጠበቆች ደስ አላቸው። እኔ ግን በሆዴ አንድ ነገር አልኩ። እንዲህ ከሆነ ውሉ የሚያርፈው በ1723 ላይ አይደለም፣ በሻጩ ህሊና ላይ ነው። የሚዋሽ ቤቱን መልሶ ይወስዳል፣ እውነት የሚናገር ይሸነፋል። ይህ ደግ ሕግ ነው ወይስ የሐሰት ደሞዝ? እናንተው ተከራከሩበት።

እኔ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በርበሬ ተራ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች፤ ልጆቿ ናቸው ክስ ያስመሠረቷት። ቤቱን የገዛት የዕድሯ ሰው ነው፤ ባሏ ሲሞት ድንኳን የተከለላት እሱ ነበር። ጠበቃዋ «አላውቅም፣ አልሸጥኩም በይ» ብሎ እንዳስጠናት ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ችሎት ገባን። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፣ እጇ እስከ አንጓው በበርበሬ ቀልቷል። ዳኛው ወረቀቱን አሳዩዋትና ጠየቁ።

«ከሳሽ፣ ቤቱን ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?»

ዝም አለች። ጠበቃዋን አየች። ዞራ ደግሞ የዕድሯን ሰው አየችው፤ እሱ ወለሉን ነው የሚያየው። ጥቂት ቆየችና እንደ ገበያ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ሸጫለሁ፤ ሸጫለሁ እንጂ። ያኔ ግን በጣም ረክሶ ነበር!» አለች።

ጠበቃዋ ፋይሉን ከደነ። ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዘወር አሉና «ከሳሽ ሽያጩን አልካዱም በይ» አሏት።