ዘርና የአእምሮ ሕመም

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው፤ ወራሪው ለመንግሥቱ ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች መጠሪያ በሕዝቡ አንደበት ተለውጦ የሰፈር ስም ሆነ። በዚያው ዘመን በዚችው ከተማ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታልም፣ ኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከካዛንቺስም ሆነ ከጎረቤቱ ከቂርቆስ አንድ ሰው ታሞ ወደዚያ ሲወሰድ፣ ወሬው ከሕመምተኛው አልፎ ቤተሰቡን ይነካ ነበር። ልጅ ሊታጭ ሽማግሌ በተላከ ጊዜ፣ ትውልድ ቆጣሪው «በዘራቸው እብደት አለ» ካለ፣ ጋብቻው ይቀራል።

ታዲያ ሕመሙ በእውነት በዘር ይተላለፋልን? የጊዜያችን ሊቃውንት መልስ «አዎን፣ ነገር ግን እንደምታስቡት አይደለም» የሚል ነው። ከአንድ ፅንስ ከተከፈሉ መንትዮች አንዱ በስኪዞፍሬኒያ ቢታመም፣ ሌላው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘር ዝንባሌን ያወርሳል እንጂ ፍርድን አያወርስም። በ2014 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ76,000 በላይ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ታላቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ስፍራዎችን አሳየ፤ ብዙዎቹም የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ መልእክት ከሚለዋወጡበት ሥራ ጋር የሚገናኙ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ኃይል ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ጤነኛውም ሰው ከእነርሱ ብዙውን ይዞ ይኖራል። እንግዲህ «ንጹሕ ዘር» የሚባል ቤት ከየት ይገኛል?

ይሁን እንጂ በዚህ ጥናት ከተመረመሩት አብዛኞቹ የአውሮፓ ተወላጆች ነበሩ። የሰው ልጅ መገኛ አፍሪካ በመሆኗ ግን ከሁሉ የበዛው የዘረመል ልዩነት ያለው በእኛው አህጉር ነው። በአገራችን መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራ 68,378 ሰዎች ተጠይቀው 321 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተለይተዋል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ2010ዎቹም ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆኖ፣ 17,000 ሕሙማንንና ያንኑ ያህል ጤነኞችን ለማነጻጸር በታቀደ የዘረመል ጥናት ተሰልፏል።

መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ለሕዝብ ቢያስረዱ፣ ሕመምተኛን ለሐሜት ሲባል ከቤት መደበቅ ይቀራል፤ የተደበቀ ሕመምተኛ ከሐኪም ፊት አይደርስምና።