የጸጥታና መከላከያ ተንታኝ

የጸጥታና መከላከያ ተንታኝ ግጭት ከመነሣቱ በፊት ምልክቱን የሚያነብ፣ ከተነሣም ወዴት እንደሚያመራ ገምቶ ለሚወስነው አካል የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ ሙያው ለረጅም ጊዜ ከመከላከያና ከደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ግቢ ብዙም አልወጣም ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙን ሲመሠርት ለሲቪሉ በሩ ሰፋ። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከል (ሴዋርን) ደግሞ ሥራውን የጀመረው ከአርብቶ አደሮች የከብት ዝርፊያ ነው።

የሙያውን ውጣ ውረድ ለማየት ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና እየተጠማዘዘ የሚወርደው አስፋልት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተሳፋሪው ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ዳገቱን የያዘ ቆላውን ቁልቁል ያያል፤ ቆላውን የያዘ ደግሞ መንገዱን ይዘጋል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 እ.ኤ.አ. የይፋቱን ገዥ ሰብረዲን ሲወጉም የዘይላ ንግድ መተላለፊያ ይኸው አካባቢ ነበር።

በሰሜኑ ጦርነት፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከተያዙ በኋላ የሕወሓት ኃይሎች በዚሁ መንገድ ወደ ደቡብ ገፍተው በኅዳር ሸዋ ሮቢት ገቡ። ካርታ የዘረጋ ሁሉ ለአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረ ይቆጥር ነበር። ይህ ለዜና ይመች እንጂ ለትንተና አይበቃም፤ ከባዱ ጥያቄ በስተምሥራቅ፣ የጅቡቲ መስመር በሚያልፍበት ሚሌ ነበር። ወደዚያ የተደረገው ግፊት አፋር ላይ ከሸፈ። የመንግሥት ጦር እዚያው አፋር ያለችውን ካሳጊታን ከያዘ ከቀናት በኋላ፣ ኅዳር 22 ቀን፣ ሸዋ ሮቢት መመለሷ ተነገረ።

ጦር መቁጠር የሥራው ግማሽ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በግጭት ስትቃጠል ቀድሞ የሚታይ የታንክ ሰልፍ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ግጭት ለመገመት ተንታኙ በአቅራቢያዋ ወዳለችው ሰንበቴ መሄድ ወይም እዚያ የሚያምነው ሰው ሊኖረው ይገባል። የእሑድ ገበያው አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ያገናኛል። ዛሬ ግመል የነዳ አፋር ስንት መጣ? ማሾ ገዢው ከሸዋ ሮቢት ለምን ቀረ? ሴቶቹስ ከወትሮው ቀድመው ዕቃቸውን ለምን ሰበሰቡ? የአንድ እሑድ መቅረት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ዝናብም ለቅሶም አለ። ለሦስት ተከታታይ እሑድ ሲሆን ግን ማስታወሻ ይጻፋል።

ይህን የሚነግረው ሰው ነጋዴ ወይም የመኪና ረዳት ሊሆን ይችላል። ስሙ ሪፖርቱ ላይ አይሰፍርም፤ በሚቀጥለው እሑድም እዚያው ገበያ ይውላልና።