ሻርክ በሐዴራ ባሕር

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ጠረፍ ሻርክና ዋናተኛ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዋናው ቦታ የሐዴራ ባሕር ዳርቻ ነው። የኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሞቅ ያለ ውሃ ወደ ባሕሩ ስለሚለቅ፣ ዱስኪና ሳንድባር የተባሉት ሻርኮች በብርዱ ወራት እዚያ ይሰበሰባሉ። ተመልካቹም ይጎርፋል፤ ዓሣ የሚወረውርላቸው፣ ክንፋቸውን ለመንካት የሚሞክር እንኳ አልጠፋም። ይህ ድፍረት ሳይሆን ሻርኩን ሰውና ምግብ አብሮ እንዲያይ ማስለመድ ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. አንድ የፔታህ ቲክቫ ነዋሪ በዚሁ ባሕር ሲዋኝ በሻርክ ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። ቦታው መዋኘት የተከለከለበት ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ በአገሪቱ እጅግ ብርቅ ነው።

ሻርክ ያጋጠመው ሰው መንፈራገጥ የለበትም፤ የውሃ መናጥ የቆሰለ ዓሣ ይመስላል። ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከእንስሳው ሳይነቅል፣ ጀርባውን ሳይሰጥ ቀስ እያለ ወደ ዳር ያፈግፍግ። በአቅራቢያው ሌሎች ዋናተኞች ካሉ አብሮ መሰባሰብ ይረዳል። ሻርኩ ከነከሰ ግን ዝም ማለት አያዋጣም፤ ዓይኑንና ስንጥቡን፣ ካልሆነም አፍንጫውን ደጋግሞ በኃይል መምታት ያስፈልጋል፤ ካሜራም ሆነ የእግር መቅዘፊያ ለዚህ ያገለግላል።

ከውሃ እንደወጡ ቀዳሚው ሥራ ደም ማስቆም ነው። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ የእጅ ወይም የእግር ደም አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ማሰር ይገባል። በእስራኤል የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 101 ነው።